አንድ ገጽ ይበቃል

ወንድሜ የአባታችንን ወረቀቶች ለአንድ የሰነድ ማእከል መስጠቱን የሰማሁት እንደማንም ሰው ከቴሌግራም ነው። የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ በተርታ የተደረደሩ ግራጫ ሳጥኖች ፎቶ ለጠፈና ከሥሩ «አባባ በክብር ተቀመጠ» ብሎ ጻፈበት። የአክስት ልጆች ልብና ጭብጨባ ላኩ። እኔ ገርጂ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ፎቶውን በጣቴ አሰፍቼ ሳየው አንዱ ሳጥን ላይ «የቤተሰብ ደብዳቤዎች» የሚል ተለጥፎበታል። የእናቴ ደብዳቤዎች ማለት ነው። ደሜ ፈላ። እናቴ እኮ በሕይወት አለች። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ያን ሰዓት ቤት ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመች ይሆናል። ማንም አልጠየቃትም።

ከታክሲው ሳልወርድ ደወልኩለት። ወንድሜም እንደ አባታችን ጠበቃ ነው፤ እዚሁ አዲስ አበባ ሩዋንዳ አካባቢ የነበረውን የአባታችንን ቢሮ የወረሰው እሱ ነው። ሕንጻው ሊፈርስ ስለሆነ ወረቀቱን ማስቀመጫ አጣሁ፣ አይጥ ከሚበላው ብዬ ነው አለኝ። አይጥ ቢበላው ይሻል ነበር አልኩት። ታክሲው ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። ልጁ ሲሞት ያልመጣን ሰው መደርደሪያ ላይ ሰቅላችሁ ታጨበጭባላችሁ፣ አልኩት። እሱ አይጮህም፤ ጠበቃ ነውና ሌላው ጮሆ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦

«ሕፃኑ የታመመ ጊዜ የተላከለትን ደብዳቤ ሲያነበው አጠገቡ ነበርኩ። ፈገግ ነው ያለው።»

«ፈገግ?»

«ያን ሳጥን ተዪው እህቴ። እባክሽ ተዪው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ፈገግ! ወንድማችን ጡት አልይዝም ብሎ እናታችን እቅፍ ውስጥ እየደረቀ፣ አባታችን ደብዳቤውን አንብቦ ፈገግ አለ። ይህን ሰምቼ ያንን ሳጥን ልተው ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ባሌ ውስጥ የአንድ መንግሥት እርሻ የሕግ ባለሙያ ሆኖ ይሠራ ነበር። ታላቅ ወንድሜን ለትምህርት ብሎ ይዞት ሄደ። እናቴ፣ እኔና ሕፃኑ ወሎ ሰፈር በኪራይ ቤት ቀረን። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ከወለጋ የመጣችው በጋብቻ ነው፤ አማርኛውን ትናገረዋለች፣ ሆዷ ሲባባ ግን ወደ ኦሮምኛዋ ትመለሳለች። ስለዚህ እሷ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። ዐሥር ዓመቴ ነበር። ደብዳቤውን የምንልከው አውቶቡስ ተራ በሚሠራ ጎረቤታችን በኩል ለሾፌር ሰጥተን ነው፤ ቢዘገይ በሁለት ቀን ይደርስ ነበር።

አባቴ ታዲያ ደብዳቤ እንደ ሰው አያነብም። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ነው። የሳትኩትን ፊደል ያከብበዋል፤ ሰላምታ ከረሳሁ «ሰላምታ የታለ?» ብሎ ይጽፍበታል። ለበዓል ሲመጣ ደብዳቤዎቹን በሙሉ ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋና አጠገቡ ያስቀምጠኛል። ሕጎች ነበሩት። ቀን በስተቀኝ ከላይ ይጻፋል። ደብዳቤ በሰላምታ ይጀምራል። ሰላም ያሉ ሰዎች ሁሉ በደረጃቸው ይጠቀሳሉ፤ ማንንም መዝለል ነውር ነው። አቤቱታ የሚጻፈው ለፍርድ ቤት እንጂ ለቤተሰብ አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ሁለት ገጽ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚፈልግ አያውቅም ይለኝ ነበር። አንዴ እናቴ እንዳለችኝ አድርጌ «የቤት ኪራዩን ነገር ዝም በማለትህ ተናድጃለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ በቀይ አሰምሮ «ይህ ለደብዳቤ አይሆንም» አለበት። የዐሥር ዓመት ልጅ ላይ! እስከ ዛሬ ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል። መምህሬ እንኳ እንደዚያ አሰምሮብኝ አያውቅም።

ሕፃኑ የታመመው በክረምት ነው። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ ጡት እምቢ አለ። ክሊኒክ ወስደነው መድኃኒት ሰጥተውን ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ ሳለ እናቴ ጠራችኝና ደብተርሽን አምጪ አለችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ሕፃኑን አቅፋ ነበር የተቀመጠችው። «ሕፃኑ አይጠባም በዪው። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ኮቱ በዪው። ዛሬ ካልተነሣህ አታገኘውም በዪው» አለችኝ። ኮቱ በኦሮምኛ ና ማለት ነው።

ጻፍኩ። «ና» ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ማንም እንዲጠራጠረኝ አልፈልግም ነበር። እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ትንሽ እንደቀደደው ሳይቀር ትዝ ይለኝ ነበር። ፍርድ ቤት አቁማችሁኝ ቢሆን እምልላችሁ ነበር።

ሕፃኑ በስድስተኛው ቀን ሞተ። አባቴ በፖስታ ቤት ቴሌግራም ተጠርቶ የደረሰው ከተቀበረ በኋላ ነው። ድንኳን ውስጥ ወንዶቹ መሃል ተቀምጦ አለቀሰ። አንድ ሽማግሌ ደብዳቤ ተልኮልህ አልነበረም ወይ ብለው ሲጠይቁት «ደርሶኛል» አለ። በዚህች አንዲት ቃል እናቴ ፈረደችበት። በጆሮዋ ነው የሰማችው፤ እኔም ከጎኗ ነበርኩ።

አልሰደበችውም። አልፈታችውም። ሥራውን ለቆ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ የራሱን ቢሮ ከፍቶ፣ እስኪሞት ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረው ኖሩ። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዘመሩ። ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ራቱን ታቀርባለች፤ ፊቱን ግን አታየውም። ሰሐኑን ታስቀምጥና ትዞራለች። ሰው ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ እያለ ልጆች እንዴት እንደሚያድጉ ያደገ ያውቀዋል። እኔ የእናቴ ወገን ሆኜ አደግኩ። አባቴም ከዚያ ወዲያ ቀይ እስክሪብቶውን አንስቶብኝ አያውቅም፤ የፈተና ወረቀቴን እንኳ አይቶ ዝም ይል ነበር። ጥፋቱን አውቆ ነው እል ነበር በሆዴ።

ሊሞት አካባቢ፣ አልጋ ላይ ሳለ፣ አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን «ያንን ደብዳቤ ታስታውሺዋለሽ?» አለኝ። እሳት ጎረስኩ። የታመመ ሰው መሆኑን እንኳ ረሳሁት። «እኔማ አስታውሰዋለሁ። የረሳኸው አንተ ነህ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝና «እሺ ልጄ» አለኝ። ከዚያ ውኃ ስጪኝ አለ። ውኃውን አቀብዬው ወጣሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ነው ወደ ሰነድ ማእከሉ የሄድኩት። ወሎ ሰፈር ከአንድ የዕቃ ቤት በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኛ የኖርንበት ቤት ከጀርባው ነበር፤ አሁን ሆቴል ቆሞበታል። የተቀበለችኝ ልጅ ትሕትናዋ የሚያናድድ ዓይነት ነው። ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ «ፋይሉ ክሎዝድ ነው እትዬ» አለችኝ። ለምን ስላት፣ የባለጉዳይ ስም ያለበት የጠበቃ መዝገብ ሁሉ ዝግ ነው፤ የባለጉዳይ ምሥጢር ስለሆነ ባለጉዳይዋ ራሳቸው መጥተው ካልፈረሙ አይከፈትም አለችኝ።

«ባለጉዳይ አይደለችም፣ ሚስቱ ናት» አልኩ። ድምፄን ራሴ ሰማሁት።

የአቃፊውን ሽፋን ፎቶ አሳየችኝ። በአባቴ እጅ ጽሑፍ የመዝገብ ቁጥር አለ፤ «የባለጉዳይ ስም» በሚለው መስመር ላይ የእናቴ ስም፤ «የጉዳዩ ዓይነት» በሚለው ላይ «የቤት»። አባቴ ወረቀት የሚያስቀምጥበት ሌላ ዘዴ አያውቅም። የእርሻ ክሱን ባስቀመጠበት አቃፊ ሚስቱንም አስቀመጣት። የመዘገበው ሰው ደግሞ ያየውን አመነ። እናቴ ከአርባ ዓመት በላይ አብራው የኖረችው ሰው ዘንድ ባለጉዳይ ሆና ተገኘች። ልጅቷ ፎርም ሰጠችኝ። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ አሻራ ይበቃል አለችኝ። ፎርሙን ፊቷ ላይ ልቀድደው ምንም አልቀረኝም ነበር። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ከእኔ ጋር የምትናደድ መስሎኝ ነበር። ምስሯን ወደ ጎን አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ መቼ እንሂድ አለችኝ።

ምን ያደርግልሻል፣ እኔ አወጣዋለሁ አልኳት። አልሰማችኝም። ፓስተሩ ስለ ይቅርታ ሲያስተምር ሁልጊዜ ራሷን ደፍታ እንደምትወጣ፣ ቀኗ እየቀረበ መሆኑን፣ አባቴ በሰማይ ሲያገኛት ፊቷን ልታዞርበት እንደማትፈልግ ነገረችኝ። እንዲህ በረጅሙ ስታወራ ከሰማኋት ስንት ዓመት እንደሆነ አላውቅም።

«ይቅር ልለው እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ግን ‹ኮቱ› ማለቴን አንብቦ ነው የቀረው ወይስ ሳያነበው? እሱን ሳላውቅ ምኑን ይቅር ልበለው? አሻራዬን ካደረግኩ ታነቢልኛለሽ።»

በማግስቱ በራይድ ታክሲ ሄድን። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት አራት ፎቅ በእግሯ፣ በየእረፍቱ እየተቀመጠች፣ የገዛ ደብዳቤዋን ልትሰማ ትወጣለች። እኔ መብራት ኃይሉንም፣ ሕንጻውንም፣ ወንድሜንም እያማረርኩ ከኋላዋ እወጣለሁ። እሷ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላማረረችም፤ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ነበር።

ልጅቷ እናቴን ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተቀበለቻት። «እማማ፣ እዚህ ላይ ይጫኑልኝ» ብላ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፎርሙ ላይ አስደረገቻት። ከዚያ አቃፊውን አምጥታ፣ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኝ፣ ጥግ ያለው ጠረጴዛዋ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ገለጥኩት። ከደብተር የተቀደደ ባለ መስመር ወረቀት፣ ክብ ክብ ያለ የልጅ ጽሑፍ፣ በየገጹ ቀይ። «ሰላምታ የታለ?» «ቀን አልተጻፈም።» «ይህ ለደብዳቤ አይሆንም።» ንዴቴ እንደገና ከሥሩ ተነሣ። ለዚህ ነው በክብር የተቀመጠው? እናቴ ከጎኔ ቀለም የነካ ጣቷን ከነጠላዋ አርቃ ይዛ ትጠብቃለች። የክረምቱን ወር ፈልጌ አገኘሁት። ቀኑ በስተቀኝ ከላይ፣ በትክክል ተጽፏል። ድምፅ ሳላወጣ መጀመሪያ ለራሴ አነበብኩት።

«ይድረስ ለተወደድከው ባለቤቴ። ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን በጣም ደህና ነን።» ከዚያ ሰላምታው ይጀምራል። የዕድሩ ዳኛ ሰላም ብለውሃል። የልብስ ሰፊው ባለቤት ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች። ባለሱቁ፣ የባለሱቁ እናት፣ የመዘምራኑ መሪ፣ አውቶቡስ ተራ የሚሠራው ጎረቤታችን፣ የቤቱ አከራይ። ያን ቀን ቤታችን ሞልተው የነበሩት ሰዎች ሁሉ። አሁን ትዝ አለኝ። እኔ ስጽፍ አንዱ ከበር፣ አንዷ ከአልጋው ራስ «ከእኔም ሰላም በዪልኝ» ይሉኝ ነበር። ማንንም መዝለል ነውር ነው። አንዷን ሴትዮ ደግሞ አስታወስኳት፤ ትከሻዬን ይዛ ሰው አገር ያለን ሰው በደብዳቤ አያስደነግጡም ያለችኝን። ሰላምታው ገጹን ከሞላ ጎደል ጨርሶታል። ከታች፣ የቀረው ሁለት መስመር ላይ፣ ፊደሎቹ ተጨናንቀው፦ «ሕፃኑን ትንሽ አሞት ነበር፤ አሁን ደህና ነው። አታስብ። ቦታ ስለጠበበኝ በዚሁ አበቃለሁ።»

«ና» የለም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ባዶ ነው። ቀዳዳም የለውም፤ ወረቀቱ ሙሉ ነው።

በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት ተናድጄ አላውቅም፤ በማን እንደምናደድም አላውቅም ነበር። አንድ ገጽ ይበቃል ባለው ሰው። ልጅ የሞት አፋፍ ላይ ተኝቶ ከእኔም ሰላም በዪልኝ ባሉት ሰዎች። አንብቦት፣ አውቆት፣ አርባ ዓመት አፉን በዘጋው ወንድሜ። ደብዳቤው በእጁ እያለ፣ ለሌላው ሁሉ ሲከራከር የኖረ ጠበቃ፣ ለራሱ አንድ ቀን እንኳ ማስረጃውን ባላወጣው አባቴ። «እሺ ልጄ» ባለው። እና ደብዳቤውን በጻፈችው በዚያች የዐሥር ዓመት ልጅ፤ ከሁሉም በላይ በዚያች ጎበዝ ተማሪ። የወጋ ቢረሳ ብዬ የተረትኩበት ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ያየኝ አስተያየት አሁን ገባኝ። ወረቀቱን ልቀድደው እጄ ተነሣ። ልጅቷ ከጥጓ ቀና አለች። መልሼ አስቀመጥኩት።

«አገኘሽው?» አለች እናቴ።

ልዋሻት እችል ነበር። «ና» ብዬ ባነብላት ማን ያውቅብኛል? አንድ ፊደል ናት። እናቴ እንደጀመረችው ትጨርሰዋለች፤ ያልመጣ ባሏን ይቅር ብላ ትሞታለች፤ እኔም የእናቴ ወገን ሆኜ እቀራለሁ። ይህን በእርግጥ አስቤዋለሁ፤ አፌንም ከፍቼ ነበር።

አነበብኩላት። ከቀኑ ጀምሬ፣ ሰላምታውን ሁሉ አንድ በአንድ። የሞቱትን ጎረቤቶች ስም ስጠራ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። የመጨረሻውን ሁለት መስመር አነበብኩና ቆምኩ።

«ቀጥዪ» አለችኝ።

«አለቀ እማዬ።»

«ኮቱ ያልኩትስ?»

«የለም። አልጻፍኩትም።»

እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። የማታነበውን መስመር ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ሄደችበት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንድትጮህብኝ ፈልጌም ነበር። አርባ ዓመት ለእሱ ያስቀመጠችውን ሁሉ አሁን ብትሰጠኝ እወስደው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። ገጹ ሞልቶብኝ ነው አልኳት። ሕፃን ነበርኩ ለማለት ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«ደህና ነን ብዬዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ድንኳን ውስጥ ‹ደርሶኛል› ሲል የደረሰው ይኼ ነው። ራቱን አስቀምጬ ፊቴን ሳዞርበት የኖርኩት በዚህ ነው።»

ልጅቷ ውኃ ይዛ መጥታ አጠገባችን ቆመች፤ ምን እንደሆነ ሳይገባት አስቀምጣው ሄደች። እናቴ ውኃውን አልነካችውም። ቀለም የነካው ጣቷ ከገጹ ግርጌ፣ ከጽሑፌ ሥር፣ ሊነካ ሲል ቆመ።

«ይኼ ቀዩ ምን ይላል?» አለችኝ። «የእሱ ነው አይደል?»

የእሱ ነው። ለበዓል ሲመጣ አብረን ልናየው የነበረ፣ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን ያላሳየኝ። እናቴ የተናገረችውን አሳጥሬ ስጽፍ፣ ሰው የጻፈላትን አለስልሼ ሳነብላት ነው የኖርኩት። ይህን ግን እንዳለ አነበብኩላት።

«‹ጎበዝ ልጄ› ይላል» አልኳት። «‹ምንም ስሕተት የለውም።›»